ደንገል የት ይተከላል? ስለ ጣና ሐይቅ ሙላትና ጉድለት፤ ስለ ዳርቻውም መሬት ከፍታ የቀረበ ትምህርት

የተፈጥሮ ጥናት ክበባችን አባሎች በዚህ መጽሔት ላይ እንድጽፍ በመረጡኝ ጊዜ፤ በመጀመሪያ ያሰብሁት የተሳካልንን ሥራ ብቻ ለመዘርዘር ነበር። ነገር ግን የክበቡ ተጠሪ መምህራችን «የተሳካውን ሁሉም ይጽፈዋል፤ ያልተሳካውን የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው፤ ትምህርቱም የሚገኘው ከዚያ ላይ ነው» ብለው መከሩኝ። ስለዚህ ካቻምና የደረሰብንን ጉዳት ሳልሸሽግ፤ አምናና ዘንድሮ የተማርነውን ጨምሬ፤ ለጓደኞቼ፤ ለመምህሮቼና ለወላጆች እነሆ አቀርባለሁ።

ነገሩ ደንገል ስለ መትከል ነው። ደንገል መትከል ማለት ደግሞ፤ እንደ ተረዳሁት ከሆነ፤ ከአካፋና ከዶማ ይልቅ የሜትር ሥራ ነው። ለምን እንዲህ እንደምል ከዚህ ቀጥሎ በየተራ እገልጻለሁ።

1ኛ. ደንገል ምን ዐይነት ተክል ነው?

ደንገል በረግረግና ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ የሚበቅል፤ ከቄጠማ ወገን የሆነ ተክል ነው። አገዳው ሦስት ማዕዘን ያለው፤ ለስላሳና ቅጠል የሌለው ሲሆን፤ ከጫፉ ላይ እንደ ጭራ የተበተነ ለምለም ጸጉር አለው። ውኃውና ጭቃው ሲስማማው ቁመቱ ከ4 እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። የጥንት ግብፃውያን ለጽሕፈታቸው የሚሆነውን ወረቀት ያዘጋጁ የነበረው ከዚሁ ተክል ነው።

በእኛ አገር ደንገል የሚታወቀው በታንኳው ነው። አገዳው ተቆርጦ፤ በፀሐይ ጠውልጎ፤ በነዶ በነዶ ታስሮ ታንኳ ይሆናል። ይህን ጥበብ ከሁሉ ይበልጥ የሚያውቁት በሐይቁ ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው፤ እኔም ያደግሁት በዚሁ ሙያ በሚተዳደር ቤት ነው። አያቴ ዓሣ የሚያጠምዱበትን ታንኳ ራሳቸው ይሠራሉ። የደንገል ታንኳ ግን ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ በሌላ መተካት አለበት። እንግዲህ ደንገል ከጠፋ ታንኳ የለም፤ ታንኳ ከሌለም የአያቴ ሙያ ከእርሳቸው ጋር ያበቃል ማለት ነው። እኔ ሕፃን ሳለሁ ከቤታችን ወጥቶ ጥቂት በመራመድ ይቆረጥ የነበረው ደንገል፤ ዛሬ ራቅ ካለ ስፍራ እየታሰሰ ይመጣል።

የደንገል ጥቅሙ ታንኳ ብቻ አይደለም። ከእርሱ ሰሌንና ቅርጫት ይሠራል። ሥሩ ዳርቻውን ከማዕበል ይጠብቃል፤ ከእርሻ ታጥቦ የሚመጣውን ደለል ያጣራል፤ ዓሣ በመካከሉ ይጠለላል፤ ወፎችም ጎጆ ይሠሩበታል።

አሁን አንድ ዋና ነገር ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ። የደንገል አገዳ ከውስጡ እንደ ስፖንጅ ባዶ ባዶ ክፍሎች ያሉት፤ አየር የሞላበት ነው። ታንኳው የማይሰጥመው በዚህ ምክንያት ነው። ለተክሉ ለራሱ ግን ሌላ ጥቅም አለው። በውኃ የተሸፈነ ጭቃ አየር የለውም፤ ሥር ደግሞ እንደ ማንኛውም ሕይወት ያለው ነገር መተንፈስ አለበት። ስለዚህ አየሩ ከላይ ከአረንጓዴው ጫፍ ገብቶ፤ በአገዳው ውስጥ አልፎ፤ በጭቃ ውስጥ ወደሚሳበው ወፍራም ሥር ይወርዳል። ይህም አንድ ሰው በውኃ ውስጥ ጠልቆ፤ ከውኃው በላይ በወጣ ሸምበቆ እንደሚተነፍስ ያለ ነው። ሸምበቆው ከውኃው በላይ እስከ ታየ ድረስ ሰውየው ይኖራል፤ ሸምበቆው የሰጠመ እንደ ሆነ ግን ይታፈናል። የእኛም ጥፋት የተነሣው ይህን ባለማወቃችን ነው።

2ኛ. የባሕር ሙላትና የሐይቅ ሙላት

በጂኦግራፊ ትምህርታችን እንደ ተማርነው፤ የውቅያኖስና የባሕር ውኃ በየቀኑ ከፍ ዝቅ ይላል። ምክንያቱም የጨረቃና የፀሐይ ስበት ነው። ከአንዱ ሙላት እስከ ተከታዩ ሙላት ያለው ጊዜ በብዙ ስፍራ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው። ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን ሙላቱ ይበረታል፤ በመካከሉ ደግሞ ይቀንሳል።

ጣና ግን ባሕር ብለን ብንጠራውም ሐይቅ ስለ ሆነ፤ የጨረቃ ስበት በእርሱ ላይ የሚታይ ሙላት አያመጣበትም። የእርሱ ሙላት የክረምት ዝናብ ነው። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ፤ ስፋቱም ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን፤ ጥልቀቱ ግን ከስፋቱ ጋር ሲመዛዘን ጥቂት ነው፤ ከሁሉ የጠለቀው ስፍራ እንኳ ወደ 15 ሜትር ቢሆን ነው። ከ60 የሚበልጡ ወንዞችና ጅረቶች ይገቡበታል፤ አብዛኛውን ውኃ የሚያመጡለት ግን ግልገል ዓባይ፤ ርብ፤ ጉማራና መገጭ ናቸው። የሚወጣበት ተፈጥሯዊ በር ግን አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በከተማችን በባሕር ዳር በኩል የሚፈሰው ዓባይ ነው።

ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ የሚገባው ከሚወጣው ስለሚበልጥ ሐይቁ ይሞላል፤ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት መጀመሪያ ከከፍተኛው ደረጃ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ዝናቡ ሲያቆም፤ በዓባይ በኩል በመፍሰስና በፀሐይ በመትነን ቀስ በቀስ እየጎደለ ሄዶ፤ በግንቦትና በሰኔ ከዝቅተኛው ደረጃ ይደርሳል። በከፍተኛውና በዝቅተኛው መካከል ያለው የተፈጥሮ ልዩነት በአማካይ 1.6 ሜትር ገደማ ነው፤ ይኸውም የአንድ ሰው ቁመት ያህል መሆኑ ነው።

እንግዲህ ባሕር በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ የሚሠራውን፤ ጣና በዓመት አንድ ጊዜ ይሠራዋል። ይህ ልዩነት ቀላል ነገር አይደለም። በባሕር ዳር ያለ ተክል ቢሰጥም ከጥቂት ሰዓት በኋላ ብቅ ብሎ ይተነፍሳል፤ በጣና ዳር የሰጠመ ቡቃያ ግን ለወራት ሰጥሞ ይቀራል።

3ኛ. የካቻምናው ተከላችን

ካቻምና በሰኔ፤ እኔ 10ኛ ክፍል ሳለሁ፤ ክበባችን በሐይቁ ዳር ደንገል ለመትከል ተስማማ። ሐሳቡን ያቀረብሁት እኔ ነበርሁ፤ አያቴን ለማስደሰት ብዬ ነው። ሰኔ የተመረጠበት ምክንያት በአገራችን ችግኝ የሚተከለው በክረምት መግቢያ ስለ ሆነ ነው፤ ለዋንዛና ለብሳና የሚበጀው ለደንገልም ይበጃል ብለን ገመትን።

ራቅ ካለ ረግረግ የደንገል ሥር ከነአገዳው ቆፍረን፤ አገዳውን ክንድ ያህል አስቀርተን ቆርጠን አመጣን። በዚያ ወራት ሐይቁ ሸሽቶ ስለ ነበረ፤ ከዳርቻው ፊት ለፊት ሰፊና ለስላሳ ጭቃ ተዘርግቶ ነበር። ሥፍራው ለቁፋሮ የተመቸ፤ ለውኃም የቀረበ ስለ ሆነ እጅግ ደስ አለን። ከችግኛችን አብዛኛውን ከውኃው ጠርዝ ላይ ተከልነው። የቀረውን ደግሞ መንገደኛና እንግዳ እንዲያየው ብለን፤ ከፍ ካለው ደረቅ ዳርቻ ላይ በረድፍ አሳምረን ተከልነው።

በዚያው ቀን ማታ ለአያቴ በኩራት ነገርኋቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፤ ሐይቁ አሁን ተኝቷል፤ የተኛ ሰው ቁመት አይለካም» አሉኝ። እኔም «አባባ፤ ደንገል ውኃ ይወዳል ሲባል አልሰማሁም እንዴ!» ብዬ መለስሁላቸው። ዛሬ ይህን መልሴን ሳስበው አፍራለሁ። ሽማግሌው በአንድ ዐረፍተ ነገር የነገሩኝን ለመረዳት ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

ሐምሌ እየገፋ ሲሄድ ውኃው ወደ ችግኞቹ መጣ። በሐምሌ መጨረሻ ጫፋቸው ብቻ ይታይ ነበር። በነሐሴ ከቶ አልታዩም፤ ጥቂቶቹንም ማዕበል ነቅሎ ወደ ዳር ተፋቸው። ያነሣናቸው ሥሮች ጠቁረውና በስብሰው ነበር። በላይኛው ዳርቻ የተተከሉት ግን ክረምቱን ሙሉ ለምልመው ስለ ታዩ፤ «እነዚህ እንኳ ተርፈዋል» ብለን ተጽናንተን ነበር። ዝናቡ እንደ ቆመ እነርሱም ይገረጡ ጀመር፤ ኅዳር ሲገባ እንደ ገለባ ደርቀው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ሆነ፤ ከአንድ ቀን ተከላ ግማሹን ውኃ መብዛት ገደለው፤ ግማሹን ውኃ ማጣት ገደለው። በመካከላቸው የነበረው የከፍታ ልዩነት ደግሞ ሁለት ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር።

4ኛ. ጥፋታችን በሒሳብ ሲታይ

መምህራችን ከሐዘናችን ይልቅ ሒሳባችንን እንድንይዝ ስለ ነገሩን፤ የሚከተለውን አሰላን።

ሐይቁ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም መጨረሻ ባሉት 100 ያህል ቀኖች 160 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል ብንል፤ በቀን በአማካይ 1.6 ሴንቲ ሜትር ይነሣል ማለት ነው። እኛ ከዝቅተኛው የውኃ ጠርዝ ላይ የተከልነው ቁራጭ ቁመቱ ክንድ፤ ማለትም 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። 50ን ለ1.6 ብናካፍል 31 ቀን ይሆናል። እንግዲህ ችግኙ በአንድ ወር ውስጥ አዲስ አገዳ አብቅሎ ከውኃው በላይ ካልወጣ መስጠሙ የታወቀ ነበር። አዲስ የተቆረጠ ሥር ደግሞ በመጀመሪያው ወር የሚደክመው መሬቱን ለመያዝ እንጂ ለመርዘም አይደለም። ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ተሸንፈን ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ሒሳብ የመሬቱን ዝንባሌ ይመለከታል። መሬቱ በ100 ሜትር ርቀት ላይ 1 ሜትር ብቻ ዝቅ የሚል ከሆነ፤ ውኃው 1.6 ሜትር ሲጎድል ጠርዙ 160 ሜትር ይሸሻል። መሬቱ በ10 ሜትር ርቀት ላይ 1 ሜትር ዝቅ የሚል ከሆነ ግን የሚሸሸው 16 ሜትር ብቻ ነው። እንደ ፎገራና እንደ ደምቢያ ባለው ሜዳ ሐይቁ በበጋ ሩቅ የሚሸሸው፤ ድንጋያማ በሆነው ዳርቻ ግን ከቦታው ብዙ የማይርቀው ስለዚህ ነው። ስለ ሆነም «ከውኃው ይህን ያህል እርምጃ ርቃችሁ ትከሉ» ብሎ ለሁሉ ስፍራ አንድ ሕግ ማውጣት አይቻልም። መለካት ያለበት ርቀቱ ሳይሆን ከፍታው ነው።

5ኛ. ከሌላው ዓለም የምንማረው

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በሞቃት አገሮች የባሕር ዳርቻ ማንግሮቭ የሚባል፤ በጨው ውኃ ውስጥ መኖር የሚችል ዛፍ አለ። ደንገል በሐይቃችን የሚሠራውን ሥራ እርሱ በባሕር ዳር ይሠራል፤ ማዕበል ይከላከላል፤ ደለል ይይዛል፤ ዓሣ ያራባል። በቀይ ባሕርም ጠረፍ ይገኛል። ማንግሮቭ የሚበቅለው በየትም ጭቃ ላይ አይደለም፤ በባሕሩ አማካይ ወለልና በከፍተኛው ሙላት መካከል ባለው መሬት ላይ ነው። ከዚያ ዝቅ ካለ በቀኑ ብዙ ሰዓት ሰጥሞ ስለሚቆይ ቡቃያው ይታፈናል፤ ከዚያ ከፍ ካለ ደግሞ ይደርቃል ወይም ጨው ይበዛበታል።

ነገር ግን በብዙ አገር፤ ለምሳሌ በፊሊፒንስ ደሴቶች፤ ማንግሮቭ ሲተከል የተመረጠው ባዶ ሆኖ የተገኘው ዝቅተኛ ጭቃ ነበር፤ ባለቤት ስለሌለውና ለተከላ ስለሚመች። ከዚህም የተነሣ እጅግ ብዙ ችግኝ ጠፍቷል። ሊቃውንቱ የሰጡት ትምህርት አጭር ነው፤ መሬቱ ባዶ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ስለዚህ ከመትከልህ በፊት ለምን ባዶ እንደ ሆነ ጠይቅ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ያ «ለቁፋሮ የተመቸ» ያልነው ጭቃ ትዝ አለኝ።

ሁለተኛው ምሳሌ በጎረቤታችን በኤርትራ፤ በምጽዋ አጠገብ በሕርጊጎ የተሠራው ሥራ ነው። ጎርደን ሳቶ የተባሉ ጃፓናዊ ዝርያ ያላቸው አሜሪካዊ የሕይወት ሳይንስ ሊቅ፤ ማንግሮቭ በዚያ ጠረፍ በአንዳንድ ስፍራ ብቻ የሚበቅልበትን ምክንያት መረመሩ። ዛፎቹ የሚገኙት የክረምት ጎርፍ ከየብስ ወደ ባሕር በሚገባበት ስፍራ መሆኑን አስተውለው፤ ጎርፉ የሚያመጣው ጣፋጭ ውኃን ብቻ ሳይሆን የባሕሩ ውኃ የሚያንሰውን ናይትሮጅን፤ ፎስፈረስና ብረትም እንደ ሆነ ተረዱ። እነዚህን ማዳበሪያዎች በተበሳ ፕላስቲክ ከረጢት አድርገው ከችግኙ ሥር በመቅበር፤ ከአገሩ ሰዎች ጋር ሆነው ባዶ በነበረው ጠረፍ ላይ ደን አቆሙ፤ ቅጠሉም ለፍየልና ለበግ መኖ ሆነ። የእርሳቸው ምሳሌ የሚያስተምረን፤ አስቀድሞ ተክሉ በራሱ ፈቃድ የት እንደሚበቅል ማየትና ምክንያቱን መመርመር እንደሚገባ ነው።

6ኛ. የአምናው ተከላችን

እኛም እንዲሁ ለማድረግ ወሰንን። አምና በመስከረም መጨረሻ፤ ሐይቁ ከሙላቱ ጫፍ ላይ ሳለ፤ ማዕበሉ ገለባና ግሳንግስ ከተወበት መስመር ላይ ካስማ ተከልን። ይህ የልካችን መነሻ ሆነ። አያቴም በዚያ ቀን ከእኛ ጋር መጥተው በዋርካ ግንድ ላይ የቆየውን የጭቃ ምልክት አሳዩን፤ ከካስማችን ጋር ብዙም አልተለያየም ነበር።

ከፍታውን ለመለካት ውድ መሣሪያ አላስፈለገንም። ግንበኞች መሠረት ሲያስተካክሉ የሚጠቀሙበትን፤ ውኃ የሞላበት ብርሃን አስተላላፊ የፕላስቲክ ቱቦ ተዋስን። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ በቱቦው ሁለት ጫፎች ያለው ውኃ፤ ጫፎቹ የቱን ያህል ቢራራቁ፤ ምን ጊዜም በአንድ ከፍታ ላይ ይቆማል። አንድ ተማሪ አንዱን ጫፍ ከካስማው ምልክት ጋር ያስተካክላል፤ ሌላው ተማሪ ሁለተኛውን ጫፍ በሴንቲ ሜትር ከተከፋፈለ ዘንግ ጋር ይዞ ወደ ታች ይወርዳል፤ በዘንጉ ላይ ከመሬት እስከ ቱቦው ውኃ ያለው ልክ፤ መሬቱ ከሙላቱ ምልክት በታች ስንት ሴንቲ ሜትር እንደ ሆነ ይነግረዋል። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው በቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ እንዳይቀር ብቻ ነው።

በዚህ ዐይነት ሐይቁ እየሸሸ በሄደ መጠን እየተከተልን፤ ሦስት መስመሮች አወጣን። የመጀመሪያው ከሙላቱ ምልክት 30፤ ሁለተኛው 70፤ ሦስተኛው 120 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ነው። ውኃው በወር በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚጎድል፤ የመጀመሪያውን በኅዳር፤ ሁለተኛውን በጥር፤ ሦስተኛውን በሚያዝያ፤ እያንዳንዱን ጭቃው ገና ሳይደርቅ ተከልን። በየመስመሩ 40 ሥር አደረግን። አያቴ ሥሩ ሲቆረጥ ቢያንስ ሁለት አዲስ ቡቃያ እንዲኖረው፤ አሮጌውም አገዳ ሙሉ በሙሉ እንዳይቆረጥ መከሩን። የመተንፈሻውን ነገር እርሳቸው በልምድ ያውቁት ነበር ማለት ነው።

ውጤቱም የሚከተለው ሆነ።

የ30 ሴንቲ ሜትሩ መስመር፤ በየሳምንቱ በባልዲ ውኃ ብናጠጣውም፤ ፈተና በደረሰ ጊዜ ሳንሄድ ስለ ቀረን በመጋቢት ከጥቂቶቹ በቀር ደረቀ።

የ120 ሴንቲ ሜትሩ መስመር በግንቦት ከሁሉ ይበልጥ አረንጓዴ ነበር፤ ሁላችንም ተስፋ ያደረግነው በእርሱ ነበር። ዳሩ ግን ውኃው በሐምሌ መጨረሻ ሲደርስበት ገና የሦስት ወር ልጅ ስለ ነበረ፤ የረዘመው ተርፎ ያጠረው ሰጠመ፤ ግማሽ ያህሉም ጠፋ።

የ70 ሴንቲ ሜትሩ መስመር በበጋው ቢገረጣም፤ ከአጠገቡ ከሚወርድ ትንሽ ምንጭ እርጥበት ስለሚያገኝና እኛም ስለ ረዳነው አልሞተም። ውኃው በነሐሴ ሲመጣበት ሰባት ወር የሞላው፤ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሆኖ ጠበቀው። ዘንድሮ በመስከረም ሐይቁ ሲሞላ፤ ከዚህ መስመር ከአራቱ ሦስት እጅ የሚሆነው ጸጉሩን ከውኃው በላይ አድርጎ ቆሞ ነበር።

ከዚህ የተረዳነው፤ ለመትከል ሁለት ነገር አብሮ መታሰብ እንዳለበት ነው፤ ከፍታና ጊዜ። ዝቅተኛ መሬት ረጅም ጊዜ ይጠይቃል፤ ከፍተኛ መሬት ረጅም ውኃ ማጠጣት ይጠይቃል። መካከለኛው መሬት ሁለቱንም በጥቂቱ ይሰጣል።

7ኛ. የሐይቁን ልክ የሚለውጡ ሌሎች ምክንያቶች

ሐይቁን የሚያዝዘው ዝናብ ብቻ ቢሆን ሒሳቡ በዚህ ባበቃ ነበር። ነገር ግን የሰው እጅም አለበት። በ1988 ዓ.ም. ገደማ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ መዝጊያ ያለው ግድብ ተሠርቶ፤ ወደ ጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚወርደውን ውኃ መቆጣጠር ተጀመረ፤ በኋላም መዝጊያዎች ተጨመሩበት። በ1995 ዓ.ም. የዝናብ ማነስና የውኃው መለቀቅ ተባብረው ሐይቁን እጅግ ዝቅ ካለ ደረጃ ስላደረሱት፤ ጀልባዎች ለመጓዝ ተቸግረው ነበር፤ ከውኃው የተገለጠውም መሬት በብዙ ስፍራ ታረሰ። በግንቦት 2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ተመርቆ፤ ከሐይቁ ምዕራብ በዋሻ ውኃ መውሰድ ጀመረ። መብራት ለሁላችን ስለሚያስፈልግ ይህን የምጽፈው ለመውቀስ አይደለም፤ ነገር ግን ደንገል ተካይ የዝናቡን ብቻ ሳይሆን የመዝጊያውንም ነገር መጠየቅ እንዳለበት ለማሳሰብ ነው።

ሌላው ሐይቁ ሲሸሽ የሚከተለው እርሻና ከብት ነው። ደንገል ለምለም ሳለ ከብት ይወደዋል፤ ገበሬውም እርጥብ መሬት ሲያገኝ ማረሱ አያስገርምም። የእኛም ሦስተኛ መስመር በላም ተጎብኝቶ ስለ ነበር፤ ከባለከብቶቹ ጋር ተነጋግረን በእሾህ አጠርነው። ካጥሩ ይልቅ የጠቀመን ግን ንግግሩ ነው።

በመጨረሻም ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሐይቁ የታወቀው፤ ከደቡብ አሜሪካ የመነጨው እምቦጭ አለ። እምቦጭ በውኃ ላይ ተንሳፍፎ ስለሚኖር ከውኃው ጋር አብሮ ይነሣል፤ አብሮም ይወርዳል፤ ስለዚህ ደንገልን የሚያሰጥመው ሙላት እርሱን አይጎዳውም። ጣናና አካባቢው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከዓለም የሕይወት ክልሎች መካከል ተመዝግቧል፤ ክብሩን መጠበቅ ግን የዳርቻው ነዋሪዎች የእኛ ሥራ ነው።

8ኛ. ለሚተክሉ ጓደኞቼ

ከእኛ በኋላ ለሚመጡት የክበቡ አባሎች ይህን እተውላቸዋለሁ። አንደኛ፤ ሐይቁን በሙላቱ ጊዜ ሳታዩ በጉድለቱ ጊዜ አትትከሉ። ሁለተኛ፤ እርምጃ አትቁጠሩ፤ ከፍታ ለኩ። ሦስተኛ፤ ከውኃው ኋላ እየተከተላችሁ ትከሉ፤ ከፊቱ አትቁሙ። አራተኛ፤ እንግዳ እንዲያየው ብላችሁ ሳይሆን ተክሉ እንዲኖር ብላችሁ ቦታ ምረጡ። አምስተኛ፤ በሐይቁ ዳር ያረጁትን ሰዎች አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ቃላቸው አጭር ቢሆንም አትናቁት።

አሁን ይህን ስጽፍ ግንቦት ነው፤ ሐይቁም እንደ ገና ሸሽቷል። ባለፈው ሳምንት አያቴን ይዤ ወደ ተከላችን ሄጄ ነበር። የመካከለኛው መስመር ሥር በጭቃው ውስጥ እየተሳበ፤ በገዛ ፈቃዱ ወደ ታች ወርዶ፤ የጠፋውን የሦስተኛውን መስመር ክፍት ቦታ መሸፈን ጀምሯል። እኛ በቱቦና በዘንግ የፈለግነውን ልክ ደንገሉ ራሱ እያገኘው ነው።

አያቴ አንዱን አገዳ ጎንበስ አድርገው በጣታቸው ጨመቅ አደረጉና ለቀቁት። ማጭዳቸው በእጃቸው ነበረ፤ ግን አልቆረጡም። «አባባ፤ ለታንኳ ይበቃል?» ብዬ ብጠይቃቸው «ለታንኳ እንኳ ገና ነው፤ ለዘር ግን ይበቃል» አሉኝ። እኔም በሚመጣው ዓመት ከዚህ ትምህርት ቤት ስለምወጣ፤ ዘሩን ለእናንተ አደራ እላለሁ።